የሞተሩ የኋላ መቀመጫ

የሟች ባላችሁ ሞተር ሳይክል ቢተርፋችሁ ታሳድሱታላችሁ፣ ትቀይሩታላችሁ ወይስ ትሸጡታላችሁ? እኔ ሮም ሆኜ ዓመት ሙሉ አሰብኩበትና ለባሌ ወንድም ደውዬ፣ «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አልኩት። ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ግቢያችን ስገባ ሞተሩን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ የኋላ መቀመጫው ተነቅሎ፣ በቦታው የብረት ዕቃ መጫኛ ተበይዶበት አገኘሁት።

«መቀመጫውስ?» አልኩ።

«ተጣለ እትዬ» አለ የባሌ ወንድም፣ «ተቀዳዶ ነበር። ከላንቴ ሙዝ እናመላልስበታለን ብለን ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ሞተር ላይ ልትወጪ ነው እንዴ?»

ሚስቱ ሳቀች። እኔ የፈለግኩት ግን ያንኑ ነበር፤ አንድ ሰው እየነዳልኝ፣ ድሮ የባሌን ወገብ አቅፌ እወርደው የነበረውን ቁልቁለት እስከ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አንዴ መውረድ። ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ፣ ይቺን አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ።

ፊቴን አይቶ፣ «አዲስ መቀመጫ እናሠራልሻለን» አለ።

«ሽጡት።»

«እንግዲያው ይቅር በይን፣ እትዬ።»

«አልልም» አልኩት። እሱንም ሚስቱንም ይቅር አላልኳቸውም። መመለሴን ሳይጠብቅ የሞተውን ባሌንም ይቅር አላልኩትም።