እሺ ብቻ የምትል ልጅ

የአሰላ ዝናብ ለሽማግሌ አይራራም። ጋሽ ገብረ መድህን የልጅ ልጃቸውን ፀዲን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሲያዘግሙ፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣው ዶፍ በረዶ ቀላቅሎ መንገድ ላይ ያዛቸውና አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለሉ። በረንዳው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ሰማዩን እያየ ያማርራል። ፀዲ ብቻ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ የልብሷን ፌስታል በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዝም ብላ መንገዱን ታያለች።

በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ ጎርፉን ሰንጥቆ ሲያልፍ ጭስ ማውጫው እንደ ጥይት ጮኸ። የተጠለለው ሁሉ ደነገጠ፤ ቀጥሎም በራሱ ድንጋጤ ሳቀ። ፀዲ አልጮኸችም፣ አልሳቀችምም። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ፌስታሏን ብብቷ ሥር ከታ፣ የአያቷን ከዘራ አንስታ፣ ክንዳቸውን ጨብጣ ለመሮጥ ተሰናድታ ቆመች።

«አያችሁልኝ?» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን፣ ፊታቸው በኩራት በርቶ፤ «ሌላው አፉን ሲከፍት የኔ ልጅ ዕቃ ሰብስባ ጨርሳለች። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልቧ ግን የትልቅ ሰው ነው።»

ከተጠለሉት መካከል አንዲት ሂጃብ ያደረገች ወጣት ልጅቷን ትክ ብላ ስታይ ቆይታ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች።

«ጋሽ ገብረ መድህን አይደሉም? አከም ጅርቱ? አላወቁኝም እንዴ? ፈይሩዛ ነኝ፣ የገብስ ነጋዴው የሁሴኖ ልጅ፣ የጎበሳዋ።»

«የሁሴኖ ልጅ!» ብለው ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። «አባትሽ ባይኖር ኖሮ እኔና ይቺ ልጅ ዛሬ በሕይወት የለንም። እሱን ዕድሜ ይስጥልኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ገብረ መድህን ከጎበሳ በላይ ባለች አንዲት መንደር ገበሬ ነበሩ። አምና በመኸር የታጠቁ ሰዎች ወደ መንደሯ ገብተው ቤት ሲያቃጥሉ፣ ልጃቸው ዘሪሁንና ሚስቱ ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሩ። ፀዲን በማግስቱ የገብስ ክምር ሥር ተደብቃ አገኟት። ሁሴኖ አያትና ልጅን የገብስ ጭነት መኪናው ላይ በጆንያ መሀል ሸሽጎ፣ የራሱን ነፍስ አስይዞ አሰላ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። ልጅቷ ያን ቀን ምን እንዳየች የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

«ዛሬ ወዴት ነው ታዲያ በዚህ ዝናብ?»

«ወደ አዳማ። የእህቴ ልጅ ተሻለች እዚያ ምግብ ቤት አላት። የፀዲን ጉብዝና ብነግራት፣ 'በሉ እኔ ጋ አምጧት' አለችኝ። ጠዋት ታግዛታለች፣ ከሰዓት ትማራለች። እኔ እንግዲህ የዛሬ ሰው እንጂ የነገ አይደለሁም።»

ፈይሩዛ ሰዓቷን አየች፣ ልጅቷን አየች። «ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ ልጋብዛችሁ፤ እምቢ እንዳይሉኝ» ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ፀዲ በሩ የሚታይበትን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

ፈይሩዛ በአንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ነበረች። ሥራዋን ግን ወዲያው አልተናገረችም። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚናገር ሰው፣ ሻዩ ሳይቀዳለት ብቻውን እንደሚቀር ታውቃለች።

«ለመሆኑ ፀዲ እንዴት ናት?»

«ተመስገን ነው! እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አላየሁም። አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። የእናት አባቷን ስም አንስታ አታውቅም። ልጅ ይረሳል፣ ልጄ። እግዜር ለልጅ የሰጠው ጸጋ ነው።»

«እንቅልፏስ?»

«ዘበኛዬ ናት! ኮሽ ካለ ብድግ ነው። የምትተኛው ጫማዋን አድርጋ ነው፤ ለምን ስላት 'ጠዋት እንዳልዘገይ' ትለኛለች። ለትምህርት ያላትን ፍቅር ተመልከቺ!»

«ትምህርቱንስ ይዛዋለች?»

«እሱ ላይ...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ ደክማለች። አገራችን ሳለን ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። አሁን መምህሯ ሰሌዳውን ትታ በር በሩን ታያለች ይለኛል። ለዚህ እኮ ነው ሥራ ይሻላታል ያልኩት።»

«ምግብስ?»

«ቆጣቢ ናት። ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ትቋጥራለች። ያውልሽ!»

እውነትም ፀዲ ከቀረበላት ዳቦ ግማሹን ቆርሳ በፌስታሏ ውስጥ እየጠቀለለች ነበር።

ጋሽ ገብረ መድህን ሞኝ ሰው አልነበሩም። የአንድ መንደር ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ከተናጋሪው ዓይን ሐሰቱን የሚለዩ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን ሰው የሚያስፈራውን ነገር በመልካም ስም ሲጠራው ይቀለዋል። ድንጋጤዋን ንቃት አሉት፣ ፍርሃቷን ትጋት አሉት፣ ዝምታዋን ጨዋነት አሉት። ጎረቤቱም «ታድለው!» እያለ አጸናላቸው። ከአገራችን ስህተቶች ሁሉ ይሄ የባሰ ይመስለኛል፦ የሚያስቸግረንን ልጅ ሐኪም ጋ እንወስዳለን፤ የማያስቸግረንን እናመሰግናለን።

«አባባ» አለች ፈይሩዛ ቀስ ብላ፣ «አይቀየሙኝ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው የምናገረው። እስካሁን ያመሰገኑልኝ ነገር ሁሉ ሕመሟ ነው። ክፉ ነገር ያየ ልጅ እንዲህ ይሆናል። ሰውነቷ ያ ቀን ያለፈ አልመሰለውም፤ ዛሬም እየሸሸች ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «እብድ ናት ልትዪኝ ነው? የሁሴኖ ልጅ ሆነሽ? ይሄ ወሬ ቢወጣ ነገ ማን ያገባታል?»

«እብድ አላልኩም። ቆስላለች ነው ያልኩት።»

«ቁስል ከሆነ አትነካኪውማ! ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኛ ስንቱን ችለን ነው እዚህ የደረስነው? ሆድ ይፍጀው ብለን ነው።»

«የእርስዎ ሆድ ይፍጀው፣ አባባ። የልጅ ሆድ ስንት ትይዛለች? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውስ የማን ተረት ነው?»

ጋሽ ገብረ መድህን መልስ አላጡም። «እሺ ይሁንልሽ። ታዲያ መድኃኒቱ ያን ጉድ እንደገና ማስለፍለፍ ነው?»

«ራሷ ልንገርሽ እስክትል ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልጠይቃትም። የምጠይቀው ስለ ዛሬ ነው። እንዴት አደረች፣ ምን በላች፣ ከማን ጋር ዋለች፣ ምን አቃታት። ምን ያህል እንደጎዳት የምንለካው በዚህ ነው።»

«ሐዘን ደግሞ ይለካል? በኪሎ ነው በቁና?» ብለው በምሬት ሳቁ።

«እርስዎ ላም ሲታመምብዎ በምን ያውቁ ነበር? አመመኝ አትል።»

«ይሄንን ማን ያጣዋል! ማመንዠኩን ስትተው፣ ከመንጋ ስትለይ፣ ወተቷ ሲነጥፍ ነዋ።»

«መድኃኒት ከሰጧት በኋላስ መዳኗን በምን ይለዩ ነበር?»

«ያው ነው። ማመንዠክ ስትጀምር፣ ወተቷ ሲመለስ።»

«እንግዲህ የኔም ሥራ ይኸው ነው። ልጅም ደህና ሲሆን ይተኛል፣ ይማራል፣ ይቦርቃል፣ ከጓደኛው ተጣልቶ ይታረቃል። ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደቀረባት፣ ምን ያህል እንደቀረባት እንጠይቃለን። የቱን እንደምናግዝ የምናውቀው ያኔ ነው። በየወሩ ደግሞ ደግመን እንጠይቃለን፤ ካልተሻላት ሌላ መላ እንፈልጋለን። ሳናውቅ በደፈናው አይዞሽ ብንላት ምን ይረባታል? እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ፀዲ ስትጫወት ያዩዋት መቼ ነው?»

ጋሽ ገብረ መድህን «መቼ? እንዲያው...» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ዓይናቸው ላይ የመጣችው ሌላ ልጅ፣ የድሮዋ ፀዲ ነበረች፤ የጎረቤት ባቄላ በእሸቱ የምትለቅም፣ ክምር ላይ ወጥታ የምትንሸራተት፣ ጩኸቷ ከማዶ የሚሰማ፣ ከዘራ ይዘው ያባርሯት የነበረች። እሷን ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነው? ሻዩን ፉት አሉ። ቀዝቅዞ በረዶ ሆኗል።

«ከተማ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «የት ትጫወት? ደግሞስ ታዛዥ መሆኗ ምን ነውር አለው? እምቢ የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ መልሷ እሺ ነው።»

ፈይሩዛ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ፀዲ፣ አዳማ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እሺ።»

«አላልኩሽም?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚሁ ከአባባ ጋር ብትቀሪስ?»

«እሺ።»

የሽማግሌው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። «ፀዲዬ፣ ከሁለቱ የሚሻልሽን ንገሪና።»

«እሺ» አለች።

ጋሽ ገብረ መድህን ጭንቅ አላቸው። የሚያደርጉት ሲጠፋቸው፣ ሳቅ ትል እንደሆነ ብለው ለጨዋታ፣ «እንግዲያው ውጪ ወጥተሽ በረዶው ላይ ቁሚ ብልሽስ?» አሏት።

«እሺ።»

ተነሣች። ፌስታሏን አቀፈች። በበረንዳው ላይ ባሉት ሰዎች መሀል አልፋ ወጣችና መንገዱ ላይ ቆመች። በረዶው አናቷን ይቀጠቅጣል፤ እጇን አንስታ ራሷን እንኳ አልከለለችም። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ጋሽ ገብረ መድህን ያለ ከዘራቸው ሮጡ። ጋቢያቸውን አልብሰው፣ እንደ ሕፃን ተሸክመው አመጧት። ጉልበቱን ከየት እንዳገኙት እሳቸውም አያውቁም።

«ቀልዴን ነው እኮ! ቀልዴን ነው፣ የኔ እናት!» እያሉ ፀጉሯን ያብሱ ጀመር። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። «ልቧ እዚህ የለም። እዚያው ነው የቀረው። እኔ ደግሞ በዚህ እኮራለሁ!»

ፈይሩዛ ራሳቸውን እስኪያረጋጉ ጠበቀች። ከዚያ ልጅቷ እንዳትሰማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «እርስዎ ባይኖሩ እስከዚህም አትደርስም ነበር» አለች። «ነገር ግን ያስቡት። ተሻለችም ጎበዝ ትላታለች፣ እሷም እሺ እያለች ታድጋለች። ምግብ ቤት ስንት ዓይነት ሰው ይገባል፣ አባባ። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ለመልካሙም እሺ፣ ለክፉውም እሺ ነው።»

ብዙ ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቴ አይነግሩትም።

«ትድናለች?»

«ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዱ ነገር አብሯት ይኖር ይሆናል፤ አልዋሽዎትም። ግን ሲታገዙ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጸበሉስ?»

«ጸበሉንም ይውሰዷት። ሲመለሱ ደግሞ እኔ ጋ ይምጡ።»

ዝናቡ አባራ። የአዳማው መኪና ያለ እነሱ ሄደ።

የተደረገላት ነገር ተአምር አልነበረም። ፈይሩዛ ትምህርት ቤት ሄዳ የፀዲን መምህር አነጋገረችና ልጅቷ ሳትዞር በሩን ማየት የምትችልበት ቦታ ተሰጣት፤ ያን ጊዜ ዓይኗ ለሰሌዳው ተረፈ። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየሄደች መጀመሪያ ሥዕል ሣለች፣ ቆይታ ደግሞ ጥቂት በጥቂት ተናገረች። በየወሩ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች፤ እንዴት አደርሽ፣ ምን በላሽ፣ ከማን ጋር ዋልሽ? በሁለተኛው ወር የባሰባት መሰለና አያቷ ተስፋ ሊቆርጡ ነበር። ፈይሩዛ ግን እንቅልፏ እንደከፋ፣ ምግቧ ግን እንደተሻሻለ ለይታ አሳየቻቸው። ባይለካ ኖሮ ያንን ማን ያይ ነበር? «ከፋ» ብለን እንተወው ነበር። ዛሬም ባጃጅ ሲጮህ ትበረግጋለች። ዛሬም የምትወስደው መንገድ ረጅሙ ነው፤ አጭሩ እዚሁ አሰላ ባለ አንድ የተቃጠለ ቤት በር ያልፋልና። ነገር ግን ትምህርቷን ይዛለች፤ የአከራዩ ልጅ ኢስራም ጓደኛዋ ሆናለች። ወላጅ የሆንክ ሁሉ፣ ክፉ ቀን ያየ ልጅህ ዝም ሲልህ ደስ አይበልህ፤ ውሎውንና አዳሩን ጠይቅ። ቶሎ የታወቀ ጉዳት ቶሎ ይታገዛል፤ ያልተጠየቀ ልጅ ግን ጉዳቱን ይዞ ያረጃል።

አንድ ቀን ጋሽ ገብረ መድህን ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ገና ከበሩ ክስ ጀመሩ። «ስሚ፣ የሁሴኖ ልጅ! ወፍጮ ቤት ሂጂ ብላት 'እምቢ፣ ከኢስራ ጋር ገመድ ልዘል ነው' አለችኝ! በስተርጅና ዱቄት አሸከመችኝ!» ክሱን ግቢው ሁሉ ቀድሞ ሰምቶታል፤ ሲናገሩት ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

ፈይሩዛ እየሳቀች የተለመደውን ጠየቀች፣ ፀዲም መለሰች። ጥያቄው ሲያልቅ ግን ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እትዬ ፈይሩዛ፣ እሳቸውንም ጠይቂያቸው።»

«ማንን?»

«አባባን። ማታ ማታ ያለቅሳሉ። የተኛሁ ይመስላቸዋል። የአባዬን ስም ይጠራሉ።»

ጋሽ ገብረ መድህን ደነገጡ። «ተይ አንቺ! እኔ ደህና ነኝ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

«እምቢ» አለች ፀዲ። ተነሥታ እሷ የተቀመጠችበትን ወንበር ለአያቷ አስጠጋችላቸው።

ሽማግሌው ወንበሩን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡበት፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ «እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ብሎ እውነቱን ሊሰማ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።