የቦራ ገብስ

የምስክር ቃል መቀበያ

የተናጋሪዋ ስም፦ ወ/ሮ የሺእመቤት ገብረ ክርስቶስ
ዕድሜ፦ 54 (በግምት)
አድራሻ፦ ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ቢቸና አውራጃ፣ ጥድ አምባ ገበሬ ማኅበር
ሥራ፦ ግብርና
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባል የሞተባት
ልጆች፦ አንድ። ፋንታ ዓለሙ፣ በብሔራዊ ውትድርና ላይ ያለ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ኃይለ ሚካኤል ወልዴ
ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ወለተ ገብርኤል ተሰማ አሟሟት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም. ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወ/ሮ ወለተ ገብርኤል በቤታቸው ደጃፍ ሲወድቁ ከአጠገባቸው ስለነበርኩ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟቿ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ እናት ናቸው። አልመታኋቸውም፣ አልገፋኋቸውም። ፈረስ ስቤ ደጃፋቸው ሄድኩ እንጂ እጄን አላነሣሁባቸውም። ግን ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ የመንግሥት ወረቀት አላስፈጅም።

ፈረሱ ቦራ ይባላል። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። የልጄ የፋንታ ነው። ልጄ በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ለውትድርና ሲወሰድ፣ የፈረሱን አንገት አቅፎ ቆየና «እምዬ፣ ቦራን አደራ፤ ከአፌ ነጥቄ ነው ያሳደግሁት» አለኝ። እኔም ሳልበላ አበላዋለሁ አልኩት። ያልኩትን ፈጽሜአለሁ።

ፈረስ ማኖር ምን እንደሆነ ፈረስ የሌለው ሰው አያውቅም። በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፣ አህያ ይጫናል። ፈረስ ይበላል። ከማኅበሩ የተመደበልኝ ሦስት ጥማድ መሬት ነው። አንዱን ለሣር ከለልኩለት፣ አንዱን ገብስ ዘራሁለት፣ ለእኔና ለልጄ ሚስት ለሀብትነሽ ጤፍ የቀረን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። የእህል ኮታ የምጠየቀው ግን በሦስቱም ነበር። ሣር ኮታ አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት አንዱን በሬ ሸጥኩ፣ በሁለተኛው ዓመት ሌላውን ሸጥኩ። ከዚያ በኋላ መሬቴን ሰው በእኩል ያርስልኝ ጀመር። ሀብትነሽ አንድ ቀን ማታ ባዶ ሽሮ አቅርቤላት ድስቱንም ፈረሱንም አየችና «እርስዎ የያዙት ልጅዎን አይደለም፣ ፈረሱን ነው» ብላኝ በማግስቱ ግንደወይን ወላጆቿ ቤት ሄደች። ሂጂ አልኳት። ልጅ ነበረች፣ ራብ አጠቆራት፣ እኔ ግን አልከለከልኳትም። ይህን ሁሉ የምናገረው ለአቤቱታ አይደለም። አሥር አለቃው ወደ ፍሬ ነገሩ ይግቡ ብሎኛል። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፣ ገብሱ ነው።

ሁለት ጊዜ ልሸጠው ተነሥቻለሁ። ሁለተኛው በነሐሴ 1978 ዓ.ም. ነው። ሞጣ ገበያ ልወስደው እየሳብኩ ስወጣ ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ አገኘኝ። «መሬቱ የራስሽ፣ ፈረሱ የልጅሽ፣ ማን አስገድዶሽ ነው የምትሸጪው?» አለኝ። ራብ ነው ያስገደደኝ አልኩት። «ልጅሽ መጥቶ ፈረሴስ ቢልሽ ምን ልትመልሺለት ነው?» አለኝ። እኔም አፈርኩ። ጉልበቱን ስሜ ተመለስኩ። ጉልበቱን ሳምኩ ያልኩትን አሥር አለቃው እንዲጽፈው እፈልጋለሁ።

ከ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ሞጣም ይሁን ቢቸና ስብሰባ ባለው ቁጥር ቦራን ይዋሰኝ ነበር። ጠዋት ጭኜ እሰጠዋለሁ፣ ሲመለስ የፈረሱን ላብ አድርቄ ገብስ አበላዋለሁ። በመጣ ቁጥር «ከጦሩ የመጣ ሰው አገኘሁ፣ ፋንታ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ይለኝ ነበር። ባለፈው ገና እንዲህ ሲለኝ የነበረችኝን አንዲት ዶሮ አርጄ አበላሁት። አጥንቱን እየጋጠ ፋንታ ወፍሯል አሉ አለኝ። እናቱ እትዬ ወለተ ገብርኤል ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛዬ ናቸው። በየወሩ ከነጠላቸው ሥር ገብስ ደብቀው «ለፈረሱ ነው» እያሉ ያመጡልኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ በምርኩዝ ነው የሚመጡት። የእንዲህ ያለ ደግ ሰው ማኅፀን እንዴት ኃይለ ጊዮርጊስን አወጣ እል ነበር።

ሚያዝያ 17 ቀን ቅዳሜ ገብስ ስላለቀብኝ ያንገቴን የብር መስቀል ሸጬ ልገዛ ቢቸና ገበያ ወጣሁ። ሻጯ ለዘር ነው ወይ ብትለኝ ለፈረስ ነው፣ ለልጄ ለፋንታ ፈረስ ለቦራ አልኳት። ከአጠገቧ ጨው የሚቸረችር አንድ እግሩ የተቆረጠ ጎልማሳ ነበር። ገብረ ኪዳን ይባላል፣ የግንደወይን ልጅ ነው። የቦራን ስም ሲሰማ ቀና አለና «የጥድ አምባው ፋንታ እናት ነዎት? በአንድ ምሽግ ነበርን። ስለ ቦራ ሳያወራ አድሮ አያውቅም» አለኝ። ደስ አለኝ፣ እጁን ያዝኩት። እሱም «እማማ፣ ከተለቀሰ በኋላም ፈረሱን ለነፍስ አባቱ አልሰጡትም እንዴ?» አለኝ።

አሥር አለቃው የአገራችን ሰው ስላልሆነ ልማዱን እንዳስረዳ ጠይቆኛል። በእኛ ዘንድ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ የሟቹ ልብስ በባዶው ኮርቻ ላይ ይደረጋል፣ በለቅሶው መካከል እየተሳበ ይዞራል። ከዚያ ለነፍሱ ተብሎ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የሞተ ሰው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ዓመቱን አይደፍንም ይባላል። ባዶ ኮርቻ ላይ ልብስ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፣ ልብሱን አይቶ ይጮኻል።

ገብረ ኪዳንን ለማን ነው የተለቀሰው አልኩት። ፊቱ አመድ ሆነ። ኧረ እባክህ ተናገር አልኩት። ፋንታ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. እንደሞተ፣ እሱ ራሱ እንደቀበረው፣ ቆስሎ በጥቅምት ሲመለስ መርዶውን ሊነግረኝ ጥድ አምባ ድረስ በክራንች መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። ሊቀመንበሩ ነበር ያገኘው። «መርዶ የሚነገረው በመንግሥት በኩል ነው፣ እኔ እነግራታለሁ። ካፍህ ቢወጣ ወሬ ነዛ ብዬ አስርሃለሁ» ብሎ ከመንገድ መለሰው። ጥቅምት ማለት ፈረሱን መዋስ የጀመረበት ወር ነው። ልጄ ሞተ ከተባለ ፈረሱ ለቄስ ይሄዳል። ልጄ በሕይወት ካለ እኔ እየተራብኩ እቀልበዋለሁ፣ እሱ ይጋልበዋል። ልጄን ዓመት ከመንፈቅ ያኖረው ለዚህ ነው።

አልጮኽኩም። ብጮኽ ለቅሶ ይሆናል፣ ፈረሱ ይዞራል፣ ይሰጣል፣ ነገሩ ያልቃል። እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ገብሱን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁና ለቦራ ሰጠሁት። በማግስቱ በዳግም ትንሣኤ ዕለት ኃይለ ጊዮርጊስ ሞጣ ስብሰባ አለኝ ብሎ መጣ። ኮርቻውን እኔው ጫንኩለት። እርካቡን ረግጦ እየወጣ «ፋንታ ሰላም ብሎሻል» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወልደ ሰንበት የሚባለው የማኅበሩ ታጣቂ ቦራን ብቻውን እየሳበ ከሞጣ አመጣልኝ። ሊቀመንበሩ ረቡዕ በላንድሮቨር እንደሚመለስ ነግሮኝ፣ ሁለት ቀን በእግሩ ስለተጓዘ ሊተኛ ከወንዙ ማዶ ቤቱ ገባ። ኃይለ ጊዮርጊስ ሙቀት ስለነበረ ካኪ ኮቱን ከኮርቻው ኋላ አስሮት ቀርቷል። ያንን ኮት በወረዳችን የማያውቀው የለም። እጄን ሰደድኩና ፈታሁት። ኮርቻው ላይ ዘረጋሁት፣ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ አወረድኳቸው። ከዚያ ልጓሙን ይዤ በመንደሩ መካከል ወጣሁ።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሞተ አላልኩም። በሞጣ መንገድ ሽፍታ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ውኃ የቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ወዮ አሉ። ከዚያ ከየቤቱ እየወጡ ደረታቸውን እየመቱ ተከተሉኝ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ለልጄ መጮህ የነበረበት ያ ሁሉ ጉሮሮ ለእሱ ጮኸ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እኔ አዋጋሁት።

እትዬ ወለተ ገብርኤል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው ቀና አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ባዶ ኮርቻና ልብስ መሆኑን አዩ እንጂ የማን ልብስ እንደሆነ አልለዩም። እንዝርቱን ጣሉና እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ «የሺ፣ ልጄ፣ በመጨረሻ ነገሩሽ? የፋንታዬን ነገሩሽ?» አሉኝ። ሊያቅፉኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ።

አሥር አለቃው በዚህ ጊዜ ሐሳብሽ ምን ነበር ብሎ ጠይቆኛል። እስከዚያ ድረስ ልመለስ እችል ነበር። እውነት ለመናገር ደጃፋቸው ስደርስ ምን በደሉኝ እያልኩ ነበር። አዎ ነገሩኝ ብዬ አንገታቸው ላይ ብወድቅ፣ ለቅሶው ለልጄ ይሆን ነበር፣ እሳቸውም ዛሬ በሕይወት ነበሩ። ነገር ግን ያውቁ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ገብስ ሲያመጡልኝ ምላስ ነበራቸው።

ስለዚህ ኮቱን ከኮርቻው አንሥቼ በተዘረጋው እጃቸው ላይ አደረግሁት። ይዳብሱት አልኳቸው። ዳበሱት። ደረቱ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ወልቆ እሳቸው በወፍራም ክር የተከሉት ነው። ጣታቸው እሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቴን በጣታቸው ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱ፣ ወደ ኋላ አልኩ። «ኃይሌ» አሉ አንድ ጊዜ። ከዚያ በቁማቸው ወደ ኋላ ወደቁና ራሳቸው ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ወልደ ሰንበት ከእንቅልፉ ነቅቶ አልሞተም፣ ሰውዬው አልሞተም እያለ ሲሮጥ ደረሰ። ማን ይስማው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነፍሳቸው ወጣች።

ረቡዕ ሲቀበሩ ኃይለ ጊዮርጊስ በላንድሮቨር ደረሰ። ሴቶቹ ሙት መጣ ብለው ተበተኑ። እሱም አስከሬኑን አይቶ፣ ነገሩን ሰምቶ፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣና «ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ። አለቀሰ፣ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ እንዳየሁት እናገራለሁ። እኔም ፋንታ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል አልኩት።

ይቆጭሻል ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ስለ እትዬ ወለተ ገብርኤል ሆዴ ይባባል፣ ሌሊት ጣታቸው ፊቴ ላይ ይመጣል። ስለ እሱ አልቆጭም። እናት ስትሞት ቢያንስ ይለቀስላታል፣ ትቀበራለች፣ ሰው ይሰበሰባል። ልጄ ግን እስከ ዛሬ አልተለቀሰለትም። ቦራ ኤግዚቢት ነው ተብሎ እዚህ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ታስሯል። ከትናንት ጀምሮ ገብስ የሰጠው የለም፣ ሲያሽካካ እሰማዋለሁ። የሚለቀቅ ከሆነ ለፋንታ ነፍስ አባት ይሰጥልኝ። ከመሰጠቱ በፊት በለቅሶ መካከል ይዙርልኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

ከላይ ያለው ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩት ውሸት፣ የደበቅሁት እውነት የለም። በራሴ አፍ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት መሆኑን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የተናጋሪዋ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ (አለ)
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ኃይለ ሚካኤል ወልዴ (ፊርማ)

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ተናጋሪዋ ቃላቸው ከተነበበላቸው በኋላ፣ ከላይ በልጆች ረድፍ «በብሔራዊ ውትድርና ላይ ያለ» የሚለው ተሰርዞ «የሞተ» ተብሎ እንዲታረምላቸው፣ የልጃቸው ሞት የሚጻፍበት ሌላ ወረቀት በአገሩ ላይ እንደሌለ በመግለጽ ደጋግመው ጠይቀዋል። ከሚመለከተው አካል በጽሑፍ የተገለጸ የሞት ማስረጃ ስላልቀረበ፣ በነበረበት ታልፏል።