አባን የዳረው ኮምፒውተር

ፍኖተ ሰላም የመሬት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ስሠራ፣ ከማንኩሳ አንድ ሽማግሌ ቆብ ደፍተው መጡ። «መንኩሻለሁ፤ ስሜ ላይ ‹አቶ› የሚለውን ‹አባ› አድርግልኝ» አሉኝ። ቀየርሁት። ለካ ውስጡ ትሪገር የሚሉት ድብቅ ትእዛዝ ኖሯል! አንድ ሰው «አባ» ሲባል ትዳሩን ያፈርሳል፤ ትዳሩ ሲፈርስ ደግሞ ሌላው ትሪገር ተነሥቶ መሬቱን ለሁለት ይከፍላል። ዓይኔ እያየ ባለቤታቸው የድንበር ጎረቤታቸው ሆነው አረፉት።

ደንግጬ ወደ «አቶ» ብመልሰው፣ ባልና ሚስቱን እንደ አዲስ ዳራቸው፤ መሬቱ ግን እንደተከፈለ ቀረ። ምኑን ነክቼ ምኑን ልተው? «አባ፣ አንዱን ስነካ ሌላው እየተነሣ ግራ ገባኝ» አልኋቸው።

ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በል እጅህን ሰብስብ ልጄ። ባለቤቴም ልትመነኩስ ነው፤ የእሷንስ ላንተ አንነግርህም።»