ጋሽ ተርትረው ያመሰገኑ ዕለት

ለልብስ ሰፊው «ጋሽ ተርትረው» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው። ተሰፍቶ ያለቀ ኮት ሲቀርብላቸው ገልብጠው ገበሩን ያያሉ፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየተከተሉ ከትከሻ እስከ ጠርዝ ይወርዳሉ፤ ጥፋት ካገኙ «ተርትረው!» ይላሉ። ካላገኙ ደግሞ ምንም አይሉም፤ መስቀያው ላይ አንጠልጥለውት ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይምሰላችሁ። ሠራተኛ ሲታመምባቸው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ፣ ቀልድ ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪመጣ የሚስቁ ሰው ናቸው። ምስጋና የሚባለው ነገር ጋ ሲደርሱ ብቻ ጥርሳቸው ይገጥማል።

በዚያ ጠዋት ግን መቀሱ እጃቸው ላይ አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ምህንድስና የምትማረው አንዲት ልጃቸው ቁርስ ላይ እንዲህ አለቻቸው፦ «አባዬ፣ ዛሬ በስምንት ሰዓት ዩኒቨርሲቲው ይሸልመኛል። በትምህርቴም ነው፣ ለተማሪዎች በሠራሁት ሥራም ነው። ወላጅ አጠገባችን ይቀመጣል።»

«ልጅ በሰው ፊት ሲሞገስ ይበላሻል» አሉ እሳቸው፣ ዳቦ እየቆረሱ። «ወረቀቱን ይላኩልሽ።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያላት ወላጅ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቁጣም ተራ በተራ ካልሆነ ቤቱ አይችልም። «እንግዲያው እኔም መድረክ አልወጣም» ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ጋሽ ተርትረው ከዚያ ወዲህ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ በመርፌ ወግተዋል።

አምስት ሰዓት ግድም አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ጥቁር ካባ ክንዱ ላይ ጥሎ እየተጣደፈ ገባ። በመንገዱ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ቤት የሳቸው ስለሆነ እንጂ ከዚያ በፊት አይቷቸው አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ። የበር እጀታ ያዘውና ትከሻው ተተረተረ። በስምንት ሰዓት ለብሼው መድረክ ላይ መቆም አለብኝ።»

«የምን መድረክ?»

«ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ዛሬ የላቀ ውጤት ያመጡ ተማሪዎቻችንን እናከብራለን፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ተርትረው ክው አሉ። ሰውየው ሆን ተብሎ የተላከባቸው መሰላቸው። ካባውን ግን ተቀብለው ገለበጡት፤ ትከሻውን አዩና መርፌ አነሱ። መስኮቱ ሥር የልብስ ጠርዝ የምትዘመዝመው ሴት ጆሮዋን አቆመች። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ስለሠራች የጠዋቱን ነገር ከፊታቸው አንብባዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ እንጂ» አሉ ጋሽ ተርትረው። «ተማሪ ተማረ ተብሎ መሸለም ምን የሚሉት ነው? የተላከው ለዚያ አይደለም እንዴ? እኔ ሱሪ ቀጥ አድርጌ በሰፋሁ ማን ከበሮ መታልኝ?»

መምህሩ ሳቅ አለና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ደንበኛዎ ሱሪውን ለብሶ መስታወት ፊት ቆሞ ‹እሰይ፣ ልክክ አለ› ሲልዎ ደስ አይልዎትም?»

«ደንበኛ ሌላ ነው። ልጅን በሰው ፊት ካሞገስከው ልቡ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ ‹እኔን ማን ሊነግረኝ› ነው። እኔን አባቴ አንድ ቀን አላሞገሱኝም፤ ይኸው ሰው ሆኛለሁ።»

«አዎን፣ ደህና ሰው ሆነዋል» አለች ዘምዛሚዋ፣ ቀና ሳትል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የአባትዎ ዝምታ ነው የጠቀመዎት ወይስ ያስተማሩዎት ሙያ?»

ጋሽ ተርትረው ያልጠሩት ነገር ትዝ አላቸው። የመጀመሪያውን ኮት የሰፉ ቀን አባታቸው ገልብጠው አይተው፣ ሰቅለውት ወጡ። እሳቸው እስኪመሽ ድረስ በር በር እያዩ ዋሉ። ያን ቀን ምን ይጠብቁ እንደነበር ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለዚህ መነጽራም ሊናገሩ ነው? ክሩን አጠበቁ።

መምህሩ ቀጠለ። «ሙገሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ‹አንተ ሊቅ ነህ፣ የሚደርስብህ የለም› ማለት ልብ ያሳብጣል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ‹ይህን ሥራ በዚህ መንገድ ሠራህ፣ እነ እከሌን ጠቀመ› ማለት ግን ማወቂያ ነው። ሰው ልክ የሠራውን ለይቶ ካላወቀ እንዴት አድርጎ ይደግመዋል?»

«ጥፋቱን ካልነገርኩት ልክ ነው ማለት ነዋ! ይህ እንዴት ይጠፋዋል?»

«ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ፣ እኔ ጠፍቶኛል» አለች ዘምዛሚዋ። መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዝም ሲሉኝ ‹ደህና ሠርቼ ይሆን ወይስ ተናደውብኝ?› እያልኩ ነው የምውለው። የዚያን የረጅሙን ሰውዬ ካፖርት ያስታውሳሉ? ጠርዙን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ዘምዝሜዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ? ለምን ሲባል? መጀመሪያውኑ ልክ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ጋሽ ተርትረው ካፖርቱ በሦስት ቀን ዘግይቶ ደንበኛው የጮኸባቸው ትዝ አላቸው። ጥፋተኛዋ ሴትዮዋ ናት ብለው ነበር እስከ ዛሬ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይሰጣል፤ እሳቸው ግን ቶሎ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ይሁን። ያልተጠሩትስ? አንዱን ሰቅለህ ሌላውን አንገት ስታስደፋ ምን ተጠቀምክ? አዳራሹ ሙሉ ልጅ ተቀምጦ የሰው ስም ሲጠራ መስማት ደግ ነገር ነው?»

መምህሩ በርጩማውን ወደሳቸው አስጠጋ። «እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። አምና ያደረግነው ልክ እንደሚሉት ነበር። ስም ጠራን፣ ሜዳልያ አጠለቅን፣ ፎቶ ተነሡ፤ የቀረው ተማሪ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ዘንድሮ ለወጥነው። በመጀመሪያ፣ ውጤት ብቻውን አያስጠራም፤ ለጓደኞቹ ምን አደረገ ብለን እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ የተጠራ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ቆሞ እንዴት እንዳጠና፣ የት እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሣው ይናገራል። ያልተጠራው ልጅ የሰው ስም ብቻ ሰምቶ አይሄድም፤ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።»

«‹ለጓደኞቹ ምን አደረገ› የምትለው መሪነት የሚሉት ነው መቼም። ልጅ ለትምህርት ተልኮ አለቃ መሆን አማረው?»

«አለቃስ አይደለም። አንዲት ልጅ አለችን፤ የሷን ልንገርዎት።»

የጋሽ ተርትረው መርፌ ቆመ። ዘምዛሚዋም የራሷን አቆመች።

«አምና ስልሳ ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በሒሳብ ምክንያት ሊባረሩ ነበር። ይህቺ ልጅ የሴቶች ማደሪያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሰሌዳ ሰቀለች። ‹ልብሳችሁ እስኪታጠብ ቁጭ ከምትሉ፣ ያልገባችሁን ጥያቄ ስማችሁን ሳትጽፉ እዚህ ጻፉ፤ እስከ ተሳሳታችሁበት ድረስ ሥሩት› አለቻቸው። የምታውቅ ተማሪ ስታልፍ ጠያቂዋ የተሳሳተችበት መስመር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ወንዶቹም ማደሪያቸው ውስጥ አንድ ሰቀሉ። በዓመቱ መጨረሻ ከስልሳ ሁለቱ አርባ ዘጠኙ አለፉ። የራሷም ውጤት አልተጎዳም፤ ከክፍሏ አንደኛ ናት።»

«እንዲህ ያለውን ከየት አመጣችው?» አሉ ጋሽ ተርትረው።

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስፌት ሲበላሽ ሁሉንም አያስፈታም፤ የተሳሳተው ቦታ ድረስ ብቻ ነው የሚያስፈታው፤ ከሱ የተማርኩት ነው› አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨምራበታለች። ሰሌዳው ላይ ስህተቱን ከማሳየቷ በፊት ልክ የሆኑትን መስመሮች በአረንጓዴ ጠመኔ ታሰምርባቸዋለች። ‹ይህንንስ ከየት ተማርሽው?› ብላት፣ ‹ይኸኛውን አባቴ ነግሮኝ አያውቅም፤ ሳድግ ስገምት ነው የኖርኩት፤ እነሱ እንዲገምቱ አልፈለግሁም› አለች።»

ጋሽ ተርትረው ክር የሚፈልጉ መስለው መሳቢያ ከፈቱ። ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዕንባቸው እንዳይታይ ነው እንጂ መሳቢያው ውስጥ ከአሮጌ ቁልፍ በቀር ምንም የለም።

«የሚያሳዝነው» አለ መምህሩ፣ ምንም ሳያውቅ፣ «ዛሬ ስሜን አትጥሩ ብላኛለች። አባቷ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም አሉ፤ ያለሳቸው አልወጣም አለች። ብለምናት እምቢ። ዘንድሮ የገቡት ደግሞ በሒሳብ እየወደቁ ነው፤ ከአንደበቷ ቢሰሙት እኔ ዓመት ሙሉ ከምጮኽ ይሻል ነበር። አባትየውን የት እንዳሉ ባውቅ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።»

«መውደቁን ተወው» አሉ ጋሽ ተርትረው፣ መሳቢያውን እየዘጉ። «ካባው ይቆሽሽብሃል። አሁን ነው የጠገንኩት።»

መምህሩ መጀመሪያ አልገባውም። ዘምዛሚዋን አየ፤ ዘምዛሚዋ በአገጯ ወደ ጋሽ ተርትረው ጠቆመችው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ያን ያህል ሰዓት ያልደነገጠ ሰውዬ ያን ጊዜ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ እኔኮ አላወቅሁም... ካስቀየምኩዎት...»

«ያስቀየመኝስ አንተ አይደለህም። በል ደውልልኝ፤ የእኔን ስልክ ዛሬ አታነሣም።»

ደወለላት። ጋሽ ተርትረው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «እኔ ነኝ» አሉ። «እመጣለሁ። ልብስሽን ልበሺና ጠብቂኝ።» ልጅቷ ከወዲያ ማዶ «የትኛውን ኮት ትለብሳለህ?» አለች። እሳቸውም «ዝም በይ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ኮት አላጣም» ብለው ዘጉት።

ሊወጡ ሲሉ ዘምዛሚዋ አጠገብ ቆሙ። ጭኗ ላይ የነበረውን ቀሚስ አንሥተው ገለበጡና ጠርዙን በጥፍራቸው ተከተሉት። ከዚያ በችግር፣ የመረረ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ሆነው፣ «ይህ ጠርዝ ጥሩ ነው» አሉ። «እኩል ነው፣ ክሩም ወደ ፊት አልወጣም።»

«ጋሼ፣ ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ኧረ ጥሩ ነው ነው ያልኩሽ!»

«እሺ፤ እንዲያው ለማረጋገጥ ነው» አለች። እሳቸው በሩን ሲዘጉ ግን ብቻዋን ስትስቅ ተሰምታለች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥታ ሁለቱን ደቂቃ ስትናገር ጋሽ ተርትረው እሷን ብቻ አላዩም፤ ያልተጠሩትንም ዞር ብለው አዩ። ከኋላቸው ሦስት ልጃገረዶች በአንድ ደብተር ላይ ተደፍተው የምትለውን ይጽፋሉ። አንገቱን የደፋ ቢኖር ለመጻፍ ነው።

እንዲህ ያለው ማክበር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይበቃል። በዚያው ወር በአራት ማደሪያዎች አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ሰሌዳውን የሰቀሉት ያን ቀን ያልተጠሩት ናቸው። ሊባረር የነበረ ልጅ አለፈ፤ ያለፈው ደግሞ በተራው ጠመኔ ያዘ። አንደኛ የወጣ ተማሪ ደብተሩን ከጓደኛው መደበቅ ተወ፤ የሚያስከብረው ውጤቱ ብቻ እንዳልሆነ አይቷላ። በጋሽ ተርትረው ቤትም ቢሆን «ተርትረው!» አልቀረም፤ ግን ከዚያ በፊት «እስከዚህ ድረስ ልክ ነው» የሚል ቃል ተጨመረ። ሥራ ሁለትና ሦስት ጊዜ መፈታቱ ቀረ፤ ደንበኛም በቀጠሮው ልብሱን ያገኝ ጀመር። የማንም ልብ አላበጠም። ሰው የሚያብጠው ያልሠራውን ሲያሞግሱት ነው፤ የሠራውን በልኩ ሲነግሩት ግን ይበልጥ ይጠነቀቃል።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ጉባኤው ተበትኖ ግቢው ውስጥ ልጅቷ በመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተከባ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ ከመካከላቸው ወጥታ መጣች። ሽልማቱን አልዘረጋችም፤ ፊታቸውን ብቻ አየች።

ጋሽ ተርትረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጎበዝ ነሽ» አሉ። «በትምህርትሽም፣ ለእነዚህ ልጆች ባደረግሽውም። ኮርቼብሻለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ፣ ዕንባዋን በካባዋ እጅጌ እየጠረገች። «ግን ሃያ ሦስት ዓመት ነው የጠበቅሁት አባዬ፤ ድገመው።»

ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ በአዳራሹ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙ።