የጃንጥላ ጠጋኙ ሁለት መቶ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክር ልገዛ ተልኬ በአጎቴ ሱቅ በኩል ሳልፍ፣ አጎቴ በሩ ላይ ቆመው በአንድ እጃቸው የሴት ጃንጥላ ጨብጠው፣ በሌላው የመንገዱን ዘበኛ ሲጠሩ አገኘኋቸው። አጎቴ ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ጃንጥላ ሲያቃኑ ኖረው የራሳቸው ወገብ ጎብጧል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ተዘረፍኩ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። «በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ። ሌባዋ ደግሞ አልሸሸችም፤ ያቻትልሽ፣ ዳቦ ቤት ገብታ ሰልፍ ይዛለች። ዘበኛው ይምጣ ብቻ፣ ሰው ፊት ሌባ ናት ብዬ አስይዛታለሁ።»

ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጅም የውጭ አገር ሴት አየሁ። ከፊቷ አራት ሰው ተሰልፏል። እንግዲህ አራት ሰው ዳቦ ገዝቶ እስኪወጣ ድረስ ነው ያለኝ ጊዜ።

«እንዴት አድርጋ ዘረፈችዎት?»

«ይህን ጃንጥላ ይዛ መጣች። ሁለት ሽቦው ተሰብሯል። እኔ ቋንቋዋን አላውቅ፣ እሷ ቋንቋዬን አታውቅ። እንደ ልማዴ ዋጋውን አሳየኋት።»

የአጎቴን ልማድ የማያውቅ አይጠፋምና ልንገራችሁ። የማይግባቡት ደንበኛ ሲመጣ ከኪሳቸው የዋጋውን ያህል ኖት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። ይህን ያህል ነው ማለታቸው ነው። ደንበኛው የራሱን ሲያወጣ እሳቸው የራሳቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ።

«ሁለት መቶ ዘረጋሁላት» አሉ። «እኔን አየችኝ፣ ጃንጥላዋን አየችው። ከዚያ እጄን ጨብጣ፣ ሁለት መቶዬን ቦርሳዋ ከትታ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።»

ሳቄ መጣ፤ ጉንጬን ነክሼ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሌባ ጃንጥላዋን ጥላ ትሄዳለች?»

«የተሰበረ ነው። ምን ያደርግላታል?»

«የዘረፈችውን ሰው እጅስ ትጨብጣለች?»

«የሠለጠነች ሌባ ናታ።»

«እሺ፣ እርስዎ ዕቃ ይዘው ሰው ዘንድ ቢሄዱና ሰውየው ዕቃውን አገላብጦ አይቶ ፊትዎ ገንዘብ ቢዘረጋ ምን ይላሉ?»

አጎቴ አገጫቸውን አከኩ። «ሊገዛው ነው እላለሁ» አሉ።

«እሷም ያለችው ይህንኑ ነው። ዋጋውን በአፍዎ ቢነግሯት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝኛ? ተይኝ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ዝንቡስ አልገባም፣ ሁለት መቶው ግን ወጣ።»

«አንቺ ምላስሽን ማን በሞረደልኝ። የመጡት እነሱ ናቸው፣ እነሱ የእኛን ይማሩ።»

«ይማሩ፣ ደግ ነው። ግን እስኪማሩ ድረስ ጃንጥላቸውን የሚጠግነው ማን ነው? ደግሞ መጽሐፍ ይጻፉ አላልኩም። ለገበያ የሚበቃው በሁለት እጅ ጣት ያልቃል። ሃው ማች ካሉዎት ስንት ነው ማለታቸው ነው። ፕራይስ ዋጋ፣ ቺፕ ርካሽ፣ ኤክስፔንሲቭ ውድ። ቼንጅ መልስ ነው፣ ሪሲት ደረሰኝ። ቁጥሩን ከእግር ኳስ ተጫዋቾች ማሊያ ያውቁታል።»

«እስከ አሥራ አንድ ነው የማውቀው።»

«ሃንድረድን ልጨምርልዎት፣ መቶ ማለት ነው። ቱ ሃንድረድ፣ ሁለት መቶ። አለቀ።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንበኛ የረሳውን ጓንት ይዘው ዝናብ ውስጥ የሚሮጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሰውና ሰው መነጋገሪያ ሲያጡ ጥርጣሬ በመሀል ገብቶ ያስተረጉማል፤ እሱ ደግሞ መልካም ነገር ሲያስተረጉም ሰምቼ አላውቅም።

ዘበኛው ዱላውን እየጎተተ ደረሰ። ሴትዮዋም ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ላናግራት። ሌባ ከሆነች ዘበኛው እዚሁ ነው።»

አጎቴ እሷንም እኔንም አዩ። ከዚያ የዘበኛውን እጅጌ ያዝ አድርገው «ቆይ እስቲ» አሉት።

ተሻግሬ «ኤክስኪዩዝ ሚ» አልኳት። «ማኒ ናት ፎር ዩ። ፕራይስ። ሪፔር ፕራይስ፣ ቱ ሃንድረድ።» ገንዘቡ የእርስዎ አይደለም፣ የመጠገኛው ዋጋ ነው ማለቴ ነበር፤ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይህን ያህል ያስኬዳል።

ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ዳቦውን ለእኔ አስታቅፋኝ ቦርሳዋን በረበረችና የአጎቴን ሁለት መቶ፣ በላዩም የራሷን ሁለት መቶ አወጣች። ብዙ ተናገረች። ግማሹ አመለጠኝ፣ ግማሹን ያዝኩት።

ሱቅ ስንገባ ተረጎምኩላቸው። «ጃንጥላው የአባቷ ነበር። ልትሸጠው አልፈለገችም። ግን እርስዎ በጣም የወደዱት መሰላት፤ ሽማግሌን እምቢ ማለት አፍራ ነው ትታው የሄደችው።»

አጎቴ የጃንጥላውን እጀታ አዩት። እንጨቱን የአንድ ሰው መዳፍ ለብዙ ዘመን አለስልሶታል። እንዲህ ያለ እጀታ ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ዘበኛውን «ሂድ ወንድሜ፣ ምንም የለም» ብለው አሰናበቱትና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ያችን ቃል ስጪኝ።»

«ፕራይስን?»

«እሷ ትቆይ። ይቅርታን።»

«ሶሪ።»

«ሶሪ» አሏት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ሴትዮዋ ይቅርታው ለዋጋው ግራ መጋባት መስሏት «ኖ፣ ኖ» እያለች ሳቀች። እኔም አላረምኳት።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ኖት መዘርጋት ትተዋል። በየጃንጥላው ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። ውድ ነው የሚል ሲመጣ «ናት ኤክስፔንሲቭ»፣ ውድ አይደለም፣ ብለው ይከራከራሉ፤ መልስ ሲሰጡ «ቼንጅ» ብለው እየቆጠሩ ነው። እዚህ አቅራቢያ ድልድይ የሚሠሩት የውጭ ሰዎችም ማስጠገኛቸው እሳቸው ዘንድ ሆኗል። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው አሥር ቃልና የሁለት ሳምንት ምሽት ነው፤ ቃሎቹም ሳጥን አይፈልጉ፣ ኪራይ አይጠይቁ።

ባለፈው እኔ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ጎረቤታቸው ቁልፍ ቀራጩ፣ «አሁን በስተርጅና እንግሊዝኛ ተምረህ ስንት አተረፍክ?» ብሎ ቀለደባቸው።

አጎቴ መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ትርፉን ተወው» አሉት። «ሁለት መቶው ቢጠፋ ሠርቼ እመልሰው ነበር። ያችን የሰው ልጅ በሰው ፊት ሌባ ብያት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ምን ሠርቼ እመልስላት ነበር?»

ቁልፍ ቀራጩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቁልፍ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለኝ።