ዶኛ ሳቢናና የአሮጌው ገዳም ግድግዳ

ወዳጆቼ፣ የሳልቴኛ ሳምቡሳችሁን ለአንድ አፍታ አስቀምጡና ጆሮ ስጡኝ። በተለይ እርስዎ፣ ዶኛ ሳቢና! ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ እየተነሡ ግድግዳ ማየት የለም፤ ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

እናንተ ወጣቶች ዶኛ ሳቢና ከእናታቸው ሆድ ግድግዳ እየዳሰሱ የወጡ ይመስላችኋል። ዘበኛው ዶን ኢላሪዮ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ወደ ጥገና ክፍላችን ሥራ ሊጠይቁ የመጡት ለሜይ 25 የነፃነት በዓል ከተማው በሙሉ ኖራ ሲቀባ ነው። አዲስ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ እርጥብ ግድግዳ ተደገፉ። አለቃው ፊት ቀርበው ዞር ሲሉ ጀርባቸው ከካቴድራሉ የበለጠ ነጭ ነው። አለቃው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ “ሴትዮ፣ እኛ የፈለግነው ግድግዳ የሚጠብቅ እንጂ ግድግዳውን ተሸክሞ የሚሄድ አይደለም!” አሏቸው። እርሳቸውም ጣታቸውን ካፖርታቸው ላይ አሸት አድርገው፣ “ካፖርቴስ ሄዷል፤ ኖራችሁ ግን እውነተኛ ነው” አሉ። እዚያው ተቀጠሩ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ጣት አላረፈችም። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ስታገባ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሙሽራዋ ሲያይ እርሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ምሰሶ ያሻሉ። “ዶኛ፣ ሙሽራዋ እኮ አለፈች!” ብላቸው፣ “እሷ ትቆያለች፤ ይሄ ነው እርጥበት የገባበት” አሉኝ።

ከተማችን በታሪኳ አራት ስም ነበራት፤ ቻርካስ፣ ላ ፕላታ፣ ቹኪሳካ፣ ሱክሬ። ለዶኛ ሳቢና ግን እኛ ብቻ ስድስት አውጥተናል። እዚህ ሊነገር የሚችለው አንዱ ነው፤ “ዘይት ቀለም”።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የአሮጌው ገዳም የኋላ ኮሪደር በዘይት ቀለም ተቀባ። የጭቃ ግድግዳ ካልተነፈሰ ይታመማል። ክረምቱ ሲገባ እንደ ሊጥ ኩፍ አለና ተገመሰ። አብሮትም አንድ ክንድ የሚያህል የአበባ ሥዕል ወደቀ፤ ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው ያገር ሰዎች የሳሉት። ቀለሙን ያዘዙት ዶኛ ሳቢና ናቸው ተባለ። እኛም በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ፣ “ዶኛ፣ ዘንድሮስ በኖራ ነው በዘይት?” እያልን ስንስቅባቸው ኖርን። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

የቀባሁት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ ዜኖቢዮ። ኖራ ስስ ተደርጎ ሦስት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሃሉም እስኪደርቅ ይጠበቃል። እኔ ደግሞ በበዓሉ ሰልፍ መለከት ነፊ ነበርኩና ልምምዱ አስቸኮለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ቀለም ከሱቅ ገዝቼ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ደግሞ አምሮ ነበር! ግድግዳው ሲወድቅ አለቃው ሰብስበው፣ “ማነው ያዘዘው?” አሉ። ባለቤቴ እርጉዝ ናት፣ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ከጎኔ “እኔ ነኝ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በዚያ ወር ዶኛ ሳቢና የክፍሉ አለቃ ሊሆኑ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ነበር። ቀረ። በሬኮሌታ ዳገት ሮጬ ደረስኩባቸውና፣ “ዶኛ፣ ለምን?” አልኳቸው።

“ቢያባርሩህ ሥራ ፍለጋ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ትወርዳለህ፤ ሁሉም እዚያ ነው የሚሄደው። ግድግዳ ሞልቶናል ልጄ፤ የጠፋው እጅ ነው። ነገ በጠዋት ና፣ ኖራና የቁልቋል ውሃ እንዴት እንደሚዋሃድ አሳይሃለሁ።”

“እኔ ግን ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።”

“አሁን ብትናገር እኔን ውሸታም ታደርገኛለህ። መጀመሪያ ሥራውን እወቅ።”

ሥራውን ካወቅሁ ቆየሁ። መናገሩን ነው የፈራሁት።

አይ፣ በእጅዎ “ቁጭ በል” አይበሉኝ፤ አልቀመጥም! ያኔ በሆድ የነበረችው ልጄ ይኸው እዚያ ቆማለች። አባቷ ሳይሰደድ፣ በተወለደችበት ሰፈር ያደገችው በእርስዎ ነው። ኖራ ያውቃል የምባለውም በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ፣ ዶኛ ሳቢና። ይቅርታም እጠይቃለሁ፤ ለግድግዳው ብቻ ሳይሆን አብሬ ለሳቅሁት ሳቅ።

በሉ ተነሡ፤ የሲንጋኒ አረቄያችሁን ያዙ። የመጀመሪያዋን ጠብታ እንደ ወጋችን ለምድር አፍስሱ፣ ያንን አበባ ለሳሉትም ጭምር። ዶኛ፣ ጤና ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ ዳገቱን አይፍራ፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ፀሐይ የሚሞቁበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዛሬ ጠዋት አለቃችን ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናግሬአለሁ። በገዳሙ የጥገና መዝገብ ላይ፣ በዚያ ኮሪደር ገጽ፣ ጥፋተኛ ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም ተሰርዞ የእኔ ተጽፏል፤ ፈርሜበታለሁ። ለጤናዎ!