ሦስቱ መልካና አንዱ ድልድይ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አሰላ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደክሞኝ ስወጣ የማውቃቸውን ገበሬ ኦቦ ከዲሮን ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተመለሰ ማመልከቻ ይዘዋል። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ የሚያስቸኩለኝም አልነበረም።

“ዘንድሮም ድልድዩን ከለከሉን፣ መምህር። ሦስተኛ ዓመቱ ነው።”

“ስንት መንደር አመለከተ?”

“ሦስት። እኛ ወንዙን በምንሻገርበት መልካ ይሠራ አልን፤ የቱሳ መንደር ሰዎች በእነሱ፣ የሀሰኖም መንደር በእነሱ። ‘መጀመሪያ ተስማሙ’ ብለው ለሁላችንም መለሱልን።”

በብብቴ የያዝኩትን ካርታ አዩና “ይህስ የየት አገር ነው?” አሉ።

“የትም የለም። ተማሪዎቼ የፈጠሯቸው አሥራ ሁለት አገሮች ናቸው።”

“ላም አለኝ በሰማይ! ደመወዝ የሚከፍሉህ ለዚህ ነው?”

እውነቱን ለመናገር፣ ጧት እኔም ይህንኑ ራሴን ጠይቄ ነበር። ሆኖም ነገርኳቸው፤ “ለዓለም ጉባኤ ብዬ አራት ወንበር ብቻ አኖርኩ። ሁሉም ካልተቀመጥኩ እያለ ሲጯጯሁ ሳምንት አለፈ፤ የማንም ቃል አልተሰማም። ኋላ ደገኛው ከደገኛ፣ ባለባሕሩ ከባለባሕር ጋር ሆነው በአራት ክፍለ ዓለም ተቧደኑ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወኪል ላከ። ያን ጊዜ ትንሿ አገር እንኳ ተሰማች።”

“ወኪሉ የራሱን አገር ብቻ ቢያስብስ?”

“ቃሉን አብረው ጽፈው ይሰጡታል፤ ከዚያ ከወጣ ይሽሩታል። ግን ኦቦ፣ ከራሱ ነገር ጥቂት ያልተወ አገር የለም።”

በእጃቸው ያለውን ማመልከቻ ትክ ብለው አዩት። ባለፈው ክረምት ባለቤታቸውን አስያን፣ ከገበያ ስትመለስ በእሳቸው መልካ ደራሽ ውሃ ወስዷታል። ምኞታቸው እዚያው ቦታ ድልድይ ማየት ነበር። በጣም አሳዘኑኝ፤ ክርክሬንም ልተወው ምንም አልቀረኝ።

“ለድልድይ የሚሻለው የማን መልካ ነው?” አልኳቸው በመጨረሻ።

“የቱሳ” አሉ እየከበዳቸው። “ዳርና ዳሩ አለት ነው፣ ወንዙም ይጠባል። ልጄ ኢፍቱ ከማዶ ነው ያገባችው፤ እሷንም ውሃው እስኪወስዳት አልጠብቅም። በቱሳ መልካ ብለህ ለሦስታችንም አንድ አድርገህ ጻፍ፤ ቱሳ ራሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዞልን ይግባ።”

ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ ከካርታው ጀርባ ጻፍኩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መንደርም ሆነ መንግሥት ከጎረቤቱ ጋር መክሮ አንድ ወኪል ቢልክ፣ ቃሉ ይሰማል፤ ደካማውም ከብርቱው እኩል ይቆጠራል።

ኦቦ ከዲሮ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፊተኛውን አሻራ አኖሩ።

“የአስያን መልካ ግን በእሾህ አጥረዋለሁ” አሉኝ። “ከእንግዲህ ማንም አይሻገርበትም።”